አናት ላይ ያለው አይቆጠርም

ኮረሪማ በዓይን አይመረጥም፣ በእጅ ነው። መዳፍ ላይ አስቀምጠው ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት የሞላው ጸጥ ብሎ ይከብዳል። ውስጡ የጎደለው ግን ይቀላል፤ ሲነቀንቁትም ይንኳኳል። ይህን ለልጅ ልጄ ቁጭ ብዬ ያስረዳሁበት ቀን የለም። ከጎኔ ተቀምጣ ስመርጥ ታይ ነበር። አንድ ቀን እጇን ሰደደችና አንዱን አንስታ፣

"አኮ፣ ይሄ ባዶ ነው" አለችኝ።

አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ሰነጠቅሁት፤ እውነትም ባዶ። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እኛ አገር አማርኛውም ኦሮምኛውም ካንድ አፍ ነው የሚወጣው፤ የትኛው የት እንዳለቀ የሚያስተውል የለም።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከሰርቦ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ቡና መሀል በተሠራች ባለ አንድ ክፍል ቤት ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። የልጅቷ አባት፣ የኔ የመጨረሻ ልጅ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም። እናቷ ደግሞ እሷን በወለደች በሳምንቷ አረፈች፤ አላህ ይማራት። ሌሎቹ ልጆቼ ትዳራቸውንና ሥራቸውን ተከትለው ተበታትነዋል። ቤቱ ውስጥ የነበርነው እኔና እሷ ብቻ ነን።

እኔ እግረኛ ሴት ነኝ። ኮረሪማ፣ ዝንጅብልና እርድ ይዤ ከገበያ ገበያ እዞራለሁ። ሰርቦ የኛው ነው፤ ሐሙስ ጅማ እወርዳለሁ፤ የጭነት መኪና ያገኘሁ ቀን ሰኮሩ ድረስ እደርሳለሁ። ልጅቷን የምተውበት ሰው አልነበረኝም። ስለዚህ መጀመሪያ በጀርባዬ፣ ቀጥሎ በእጄ፣ ኋላ ደግሞ ከፊቴ ፊቴ እየሮጠች አብራኝ ዞረች። መኪና ላይ ስንወጣ የት ላይ መያዝ እንዳለባት ታውቃለች። ከምዕራብ የሚመጣው ዳመና ዝናብ እንደሚያወርድና የትኛው ደግሞ እንዲሁ እንደሚያልፍ አውቃ፣ "አኮ፣ እርዱን ሸፍኚ" ትለኛለች።

ኬላ ላይ ጠባቂዎቹ ቡና ተደብቆ እንዳይወጣ ጆንያውን ሁሉ በሹል ብረት ይወጉ ነበር። በተወጋው ቀዳዳ ስንት ኮረሪማ ተሰባብሮብኛል። እሷ አንድ ሁለቴ አየችና በሦስተኛው ከኔ ቀድማ የጆንያውን አፍ ፈታ ቆመች።

"ጋሼ፣ ኮረሪማ ነው። አይውጉት፣ ይሰበራል። ይኸው እጅዎን ይክተቱ።"

ጠባቂው ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መልሶ ሳቀ። "ይቺ የማን ካድሬ ናት?" አለ። እጁን ከተተ፣ አንድ ኮረሪማ አውጥቶ አሸተተና ኪሱ ጨመረው። ሂዱ አለን።

መቼስ እኔ ይህን ሁሉ ትምህርት ነው ብዬ አላውቅም። ትምህርት ማለት ለኔ በደብተር የሚደረግ ነገር ነው፤ እኔ ደግሞ ደጃፉን አልረገጥኩም። ፊደሉንም ቢሆን ቀበሌው ለመሠረተ ትምህርት ሰብስቦን ዋርካ ሥር ስንቀመጥ ትንሽ ትንሽ ለቃቀምኩ እንጂ። ልጅቷ ከኔ ጋር እንዲሁ የዋለች ነው የሚመስለኝ።

ገበያ ላይ ኮረሪማ በመደብ ነው የምንሸጠው። አንዱ መደብ አምስት ነው። ሰው ሲገዛ አምስቱን እጁ ላይ እናደርግና አናቱ ላይ አንድ እንጨምራለን፤ ምርቃት ይባላል። ምርቃት ሳይጨመርለት የሚሄድ ገዢ ተቀይሞ የሚሄድ ነው። ልጅቷ መደብ መሥራት የጀመረችው ገና ስትኮላተፍ ነው። "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን" ትላለች በኦሮምኛ፤ ከዚያ አዲስ መደብ። ከፊቴ ተርታ አድርጋ ስትደረድራቸው እንደ ወታደር ሰልፍ ነው የሚያምሩት።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መጡና አንድ መደብ አነሱ። እኔ ዞር ብዬ ዝንጅብል እያራገፍኩ ነበር። እሷ አምስቱን ሰጥታቸው ዝም አለች። ሰውየው መዳፋቸውን እንደዘረጉ ቆመው ጠበቁ። ጠብቀው ጠብቀው ምንም ሳይሉ ሄዱ። እንዲያ ተቆጥቼ አላውቅም። ሮጬ ደረስኩባቸውና አንድ ጨመርኩላቸው፤ ተመልሼ መጥቼ እጇን ያዝኩ።

"ቆጥረሽ ልክ ልኩን ብቻ ትሰጫለሽ? ነውር አይደለም? ሰውየው ምን ይሉናል?"

"አምስት ነው ያልሽው እኮ።"

"አምስቱ አምስት ነው። አናት ላይ ያለው አይቆጠርም።"

"ለምን አይቆጠርም?"

"የቆጠርሽው እንደሆነ መስጠትሽ ምኑ ላይ ነው? ጨመርኩልህም አይባልም። ትጨምሪያለሽ፣ አፍሽን ትዘጊያለሽ።"

ከጎናችን ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ከኩሎ አገር ለቡና ለቀማ መጥታ እዚያው የቀረች። ጴንጤ ናት። የጸሎት ቤታቸው ታሽጎባቸው ስለነበር መዝሙሯን አፏን ገጥማ በአፍንጫዋ ነበር የምታዜመው። እሷ ሰምታኝ ከት ብላ ሳቀች።

"እትዬ፣ ልጅቷን እንዲህ ከመረቁብን የኔን ሽንኩርት ማን ይገዛልኛል? ሁሉም እርስዎ ጋ ሊሰለፍ ነው!"

"አንቺ ዝም በይ። የመረቅሽ ቀን ሰማይ ይደፋል።"

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ነገሩን ይዛው ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ለምንም ልክ ልኩን ሰጥታ አታውቅም። እንጨት ሦስት አምጪ ስላት አራት ታመጣለች፤ "ስንት አመጣሽ?" ስላት "ሦስት" ትላለች። ለኔ እንዲህ መሆኑ ደስ ይለኝ ነበር። ምን አሳሰበኝ።

የእናቷ ታላቅ እህት ጅማ አስተማሪ ናት። ጅሬን ሰፈር ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። እናቷ ስታጣጥር እጇን ይዛ፣ "ልጄን አስተምሪልኝ" ብላታለች፤ እኔም እዚያው ነበርኩ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ አንድ ቀን እንደምትመጣ አውቃለሁ። በየበዓሉ ጫማና ሹራብ ይዛ ትመጣለች፤ ልጅቷን ታቅፋ ታገላብጣታለች። እኔ ግን በልቤ ጅማ ቅርብ ነው እያልኩ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ አያታለሁ፤ ኮረሪማዬን ሸጬ ጅሬንን ሽቅብ ወጥቼ እሷን ሳልስም አልመለስም።

ልጅቷ ሰባት ዓመት በሞላት ክረምት አክስቷ ወደ ናዝሬት ተዛወረች። መልእክቱን የነገረን የሰፈር ሰው ነው። ነሐሴ ማለቂያ ላይ ትመጣለች፣ አይታት ለትምህርት የደረሰች ከሆነ ለመስከረም ትወስዳታለች፤ ያልደረሰች ከሆነ አንድ ዓመት እኔ ጋ ትቆያለች።

ናዝሬት። እግሬ የማይደርስበት አገር። ያን ነሐሴ እንዴት እንዳሳለፍኩት ምን ልበላችሁ። ልጅቷ ቀና ባለች ቁጥር ቁመቷን አያለሁ። ያልደረሰች ብትሆን፣ ብዬ እመኛለሁ። ለልጅ እንዲህ አይመኙም፤ አውቃለሁ፤ ተመኘሁ። አንድ ዓመት ከቆየች ሰርቦም ትምህርት ቤት አለ፤ እዚሁ ትገባለች፤ አክስቷም አገሩን ስትለምድ፣ ማን ያውቃል፣ ታገባ ይሆናል፣ ትረሳት ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ነበር የምውለው።

የመጣችው በዝናብ መሀል ነው። ጃንጥላዋን በሩ ላይ አራግፋ ገባች፤ ጉልበቴን ሳመች። ልጅቷ በሁለት እጇ ውሃ አቀረበችላት። ወዲያው ወደኔ ዞራ፣ "አኮ፣ ሳሙናውን የት አደረግሽው?" አለችኝ።

"አያትሽን አንቺ አትበዪ" አለቻት አክስቷ እየሳቀች። "እርስዎ ነው የሚባለው።"

ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችኝ። ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ሲኖር እርስዎ የሚባለው ለማን ነው?

አክስቷ ተቀምጣ አረፍ ካለች በኋላ ፈተናው ተጀመረ። ቀኝ እጇን በአናቷ ላይ አሳልፋ ግራ ጆሮዋን እንድትነካ አዘዘቻት። ነካች፤ ጆሮዋን ጨብጣ ጎተተችው እንኳ። የሹራቧን ቀለም ጠየቀቻት፤ መለሰች። "ከዚህ ጅማ ስትሄጂ ፀሐይ በየት በኩል ትወጣለች?" አለቻት፤ "በጀርባዬ፤ ስመለስ ግን ማታ ስለሆነ አሁንም በጀርባዬ" አለቻት። አክስቷ ቅንድቧን አነሳች። እስከ ሃያ ቁጠሪ አለቻት፤ በአማርኛ ቆጠረች፤ ሳትጠየቅ በኦሮምኛም ደገመችው።

ከዚያ አክስቷ ከቦርሳዋ ከረሜላ አወጣችና የምንቀመጥበት የጭቃ መደብ ላይ በተነችው። መዳፏን ዘረጋች።

"በይ አሁን አምስት ስጪኝ።"

ልጅቷ አንድ በአንድ አምስት አደረገችላት። ከዚያ ዓይኗን ሰበር አድርጋ ስድስተኛውን አናቱ ላይ ጣል አደረገች።

"ይሄ ስንት ነው?"

"አምስት።"

"እስቲ ቁጠሪያቸው።"

የታችኞቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረች። አምስት ስትል እጇን መለሰች። አናት ላይ ያለውን አልነካችውም።

"ይሄስ?"

ወደኔ አየች።

"እሺ ሦስት ስጪኝ።" አራት ሰጠቻት። "ስንት ነው?" "ሦስት።" "አስር ስጪኝ።" አስራ አንድ። "ስንት ነው?" "አስር።" አክስቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ደግ አስተማሪ እንደምታደርገው፣ "ልብ ብለሽ እዪው እስቲ፣ የኔ ቆንጆ። ይቺኛዋን ምን አደረግሻት?" አለቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እንዳልኳት አፏን ዘጋች።

በቤቱ ውስጥ ነገሩን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ምድጃው ላይ እንጨት ገፋ አደረግሁ፤ ጭሱ ዓይኔን ሞላው። ቃሉን ዋጥኩት።

"አልደረሰችም፣ እማማ" አለችኝ አክስቷ። "ቁጥር በአፏ ትላለች እንጂ ነገሩ አልገባትም። እዚያ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ልጅ ነው፤ ያልደረሰ ልጅ ይጠፋል። አንድ ዓመት ትቆይ።"

"እንዳልሽ፣ ልጄ" አልኳት።

ከረሜላውን ሁሉ ለልጅቷ ትታላት ሄደች። ልጅቷ አንዱንም አልበላችም።

ያን ሰሞን ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም ብሎኝ ነበር፤ አንድ ቀን ያህል። በማግስቱ ዝንጅብል ስናጥብ፣ "አኮ፣ ምን አጠፋሁ?" አለችኝ።

"ምንም አላጠፋሽም።"

"ታዲያ ለምን አልደረሰችም አለች?"

"ትንሽ ስለሆንሽ ነዋ።"

"ጆሮዬን ነክቻለሁ እኮ።"

ዝንጅብሉን ወደ ውሃው መለስኩ። ሰርቦ ገበያ ስንወጣ መደብ መሥራት ጀመረች። አምስት ትደረድርና ታፈርሰዋለች። እንደገና ትቆጥራለች፤ ታፈርሰዋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ገዢ ሲመጣ ኮረሪማውን እጇ ላይ ይዛ ትቀራለች፤ ልጨምር አልጨምር እያለች እኔን ታያለች፣ ሰውየውን ታያለች። አንዷ ገዢ፣ "ምነው ልጅቷ፣ ልቧን ሰው ወሰደባት እንዴ?" ብላ ከእጇ ነጥቃ ሄደች። ልጅቷ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች።

ትንሽ ቆይታ ወደ ሽንኩርት ሻጯ ጠጋ አለችና፣ በጣም ቀስ ብላ፣

"አምስት ስንት ነው?" አለቻት።

ሴትዮዋ መጀመሪያ ሳቀች። "አምስት አምስት ነዋ! ምን ያለ ጥያቄ ነው? ኮቱ፣ ነይ፣ እጅሽን አምጪ" ብላ ጣቶቿን ልትቆጥርላት ያዘቻት። የልጅቷን ፊት ስታይ ሳቋን ተወችው። ወደኔ ዞረች።

"እትዬ፣ ይቺን ልጅ ምን አደረጓት?"

ምን ሆነች አላለችም፤ ምን አደረጓት ነው ያለችው። ለሷ ልማዷ ነው፣ አማርኛዋ እንዲህ ነው። እኔ ግን እኔን እንዳለች ነው የሰማሁት። ከሁሉ አስቀድማ አምስትን ያወቀች ልጅ ናት፤ ገና ስትኮላተፍ የምታውቀውን ነገር ነው ያሳጣኋት። እሷ ከኔ ጋር ትቀራለች፤ ግን እንዲህ ሆና ነው የምትቀረው። እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደብቃ።

ሐሙስ ጳጉሜ ነበር። ኮረሪማውንም ልጅቷንም ለሽንኩርት ሻጯ አደራ ሰጥቼ ባዶ እጄን ጅማ ወረድኩ። ያለ ጆንያ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው፤ ትከሻዬ ቀለለኝና ደስ አላለኝም። ጅሬንን ሽቅብ ስወጣ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። ደክሞኝ አይደለም።

አክስቷ ዕቃ እያሰረች ነበር። ስኒዎቹን በጋዜጣ ትጠቀልላለች። ስታየኝ ደነገጠች።

"እማማ! በሰላም ነው? ልጅቷ ታማ ነው?"

"ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ትቆጥራለች፤ ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።"

"እንዴት?"

"ያን ቀን አምስት ስጪኝ ስትያት የሰጠችሽ አምስት ነው። ስድስተኛዋ ምርቃት ናት። አናት ላይ ያለው አይቆጠርም፣ ጨመርኩ አይባልም ብዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ልጅቷ እንዳስተማርኳት ነው ያደረገችው።"

ስኒውን ይዛ ቀረች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። "ያ ረቢ! ያ ረቢ! ሦስት ስላት አራት፣ አስር ስላት... ወላሂ እኔ ራሴ ገበያ ሄጄ ሳልመረቅ አልመለስም! አስተማሪ መሆኔ ነው ያሳበደኝ!" እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም አብሬያት ትንሽ ፈገግ አልኩ። ሳቋ እያለቀ ሲሄድ ግን ፊቷ ተለወጠ።

"ያን ቀን እርስዎ እዚያው ተቀምጠው አልነበረም?"

"ነበርኩ።"

"ታዲያ ለምን ያኔ አልነገሩኝም?"

ወለሉን አየሁ። ስጋጃው ተጠቅልሎ ቆሟል፤ የነበረበት ቦታ ከሌላው ወለል ነጥቶ ይታያል። ውጭ አንድ ሰው አህያ እየነዳ አለፈ። ገባት። ስኒውን ቀስ አድርጋ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው።

"ሻይ ላፍላልዎ" አለች።

ከቀበሌ የወሰደችው ስኳር ጥቂት ቀርቶ ነበር፤ ሁሉንም የኔ ሻይ ውስጥ ጨመረችው። ተቀምጠን ጠጣን። "እኔ እኮ ልጅ የለኝም፣ እማማ" አለችኝ። ልትወቅሰኝ አልነበረም። በልቧ ያለውን ነው የነገረችኝ፤ እሷም እንደኔው ልጅቷን ትፈልጋለች።

ልደብቃችሁ አልችልም፤ ሽቅብ ስወጣ ልቤ ውስጥ አንዲት ተስፋ ነበረችኝ። እነግራታለሁ፣ እሷም "አሁንማ ጊዜው አለፈ፣ ምዝገባው አልቋል" ትለኛለች፣ እኔም ህሊናዬንም ልጄንም ይዤ እመለሳለሁ የምትል። ሻዩን ስንጨርስ አክስቷ ተነስታ የቀረውን ጋዜጣ አጣጠፈችና፣ "ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ሰርቦ ላይ እጠብቃችኋለሁ። ልብሷን ብቻ ያዘጋጁላት" አለች።

ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ልጅቷን ወንዝ ዳር ወሰድኳት። ዝንጅብል እያጠብን ነገርኳት። ሥራ ላይ ሲሆኑ መናገር ይቀላል፤ ዓይን ዓይንን አያይም።

"ትምህርት ቤት አምስት ሲሉሽ አምስት ብቻ ስጪ።"

"አንድም ሳልጨምር?"

"አንድም።"

አሰበች። "ስስታም ናቸው?"

"አይደሉም። እዚያ የሚፈለገው ልክ ልኩ ነው። ገበያ ስንወጣ ደግሞ እንደኛው።"

"እንግዲያ ያን ቀን ልክ ነበርኩ?"

"ልክ ነበርሽ።"

ከአንዱ ዝንጅብል ጣቶች መሀል አፈሩን በጥፍሯ እየፈለቀቀች ቆየች። እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ሳስብ፣

"አኮ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

"አውቅ ነበር።"

"እሺ" አለች። ሌላ ዝንጅብል አነሳች። ወደ ቤት ስንመለስ ከፊቴ አልሮጠችም። ከኋላዬ ነበረች። ዞር ብዬ አላየኋትም፤ ግን ኮቴዋን እየሰማሁ ነው የሄድኩት።

ቅዳሜ ሁለቱን ቀሚሶቿን፣ ሹራቧንና ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥሬ ሰርቦ ወሰድኳት። ሽንኩርት ሻጯ ሥራዋን ትታ መጥታ ልጅቷን ጭንቅላቷ ላይ እጇን ጭና በራሷ ቋንቋ ረጅም ጸሎት አደረሰችላት። ረዳቱ፣ "እናንተ ሴቶች፣ ለቅሶ ነው ሠርግ? አውቶቡሱ ይሂድ!" ብሎ ጮኸ። አክስቷ ከውስጥ እጇን ዘርግታ ተቀበለቻት።

መስኮቱ ተከፈተና ጭንቅላቷ ወጣ።

"አኮ፣ ነገ ማን ያግዝሻል?"

"እሷ አለች" አልኳት፣ ሽንኩርት ሻጯን እያሳየሁ።

"እሷ ባዶውን አትለይም።"

"አሳያታለሁ።"

ሌላም ነገር ልትለኝ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ምን እንዳለችኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። መስኮቱ ጭቃ ስለነበረበት ትንሽ ራቅ ሲል የትኛው መስኮት የሷ እንደሆነ ጠፋኝ፤ ለሁሉም እጄን አወዛወዝኩ።

ከዚያ በኋላ ቤት የምመለስበት ምክንያት አነሰ። ሰኮሩ ገበያ ሄጄ እዚያው አድራለሁ፤ ከዚያ ሰው ወደ ጠራኝ እሄዳለሁ። ሰዎች "ይቺ አያት እግሯ አያርፍም" ይሉኝ ጀመር። ቤት ስገባ ለሁለት ሰው አብስላለሁ፤ ገርሞኝ የተረፈውን ለጎረቤት ዶሮዎች እደፋለሁ። አንድ ቀን ኮረሪማ ስመርጥ ውዬ ማታ ላይ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ቃል እንዳልተናገርኩ ታወቀኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ከሄደች በኋላ የመጀመሪያው ሐሙስ ላይ ነው። ሌሊት ዘንቦ አድሮ ነበር። ጎህ ሲቀድ ጆንያዬን ተሸክሜ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ድልድይ ያደረጓት ግንድ ጋ ስደርስ፣

"ቀስ በይ፣ ያዳልጣል! እጄን ያዢ!" አልኩ ጮክ ብዬ።

እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ ነበር። ዘርግቼው ቆየሁ።

ጉም ስለነበር አላየሁትም እንጂ ከኋላዬ አንድ የሙዝ ተሸካሚ ይመጣ ኖሯል፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ባለ ጺም። "ያዢ" ማለቴን ሳያስተውል ለሱ የተናገርኩ መሰለው፤ የተዘረጋውን እጄን ግን ለጨዋነቱ አልነካውም።

"እሺ እማማ፣ ጀዛከላህ" አለ። ሸክሙን አስተካከለ፣ ጫማውን አወለቀ፣ እንዳልኩት ቀስ ብሎ ግንዱ ላይ ወጣ።

እጄን መልሼ ጆንያዬን ያዝኩ። እስኪሻገር ጠበቅሁት፤ ከዚያ እኔም ተሻገርኩ።